ሥጋ መቀነስ፣ ለጤናም ለአካባቢም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥጋ ከቀነስኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አላቆምኩም፤ ቀነስኩ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው። ምሳዬን የምበላው ከዚያ እስከ ፒያሳ ባሉት ምሳ ቤቶች ነው። ጥብስ ሲታዘዝ "ለእኔ ሽሮ" ስል ጥያቄው ይጀምራል። አንዱ ስለ ጤናዬ ይጨነቃል። ሌላው ስለ አየር ንብረት ሊከራከረኝ ይፈልጋል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምነው፣ ገንዘብ አጠረህ እንዴ?" ይላል። መልሱን በየገበታው ከምደግመው አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የታወቀ ሕመም ያለባችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ግማሹን ዓመት የምንጾም ሰዎች ነን። ደግሞ ምኑን ነው የምንቀንሰው?

እውነት ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም 43፣ ከዚያ የሰኔው፣ ፍልሰታው፣ ነነዌው። ምእመኑ በዓመት የሚጾመው ሲደመር 180 ቀን ገደማ ይሆናል። ሁሉንም ሳያጎድል የሚጾም ወደ 250 ይጠጋል። አገሪቱ የምትበላው ሥጋ በነፍስ ወከፍ ሲካፈልም በዓመት ከ10 ኪሎ በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ ያልፋል። ለአሜሪካኖች የተጻፈውን "ሥጋ ተዉ" የሚል ምክር እንዳለ ገልብጦ ለእኛ መስጠት ፌዝ ነው።

ግን አማካይ ማንንም አይመስልም። ገጠር ያሉት አክስቴ ሥጋ የሚቀምሱት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ነው። መሐል አዲስ አበባ ያለ ደመወዝተኛ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛው ጋር ሉካንዳ ይገባል። ለሁለት አንድ ኪሎ። ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ጥብስ። ቆራጩ ቢላውን እየሳለ "ከሻኛው ጣል ላድርግበት?" ይላል። እምቢ ያለ ሰው አላየሁም። አዋዜው ይመጣል፣ ሚጥሚጣው ይመጣል፣ ሁለት ሁለት ቢራ ይመጣል። እሑድ ደግሞ ዘመድ ቤት ክትፎ አለ። የጾም መፍቻ ሰሞንማ አይነሳ።

መጾም እናውቅበታለን፤ ያቃተን መፍሰክ ነው። እኔ የማወራው ቅነሳም የፍስክ ቀኑን ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው?

ጤናና አካባቢ በቁጥር የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

በጤናው በኩል፣ የዓለም ካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ማለትም የበሬ፣ የበግና የፍየል ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ የበሰለ ሲመዘን ነው። ጥሬው 700 ግራም ገደማ ይመጣል። ዋናው ጭንቀት የአንጀት ካንሰር ነው። በ2015 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው) የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቀይ ሥጋን "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚባለው ምድብ አስገባው። ሞርታዴላ፣ ሶሴጅና የመሳሰለውን የተቀነባበረ ሥጋ ደግሞ "ያመጣል" ከሚባለው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው የአንጀት ካንሰር ዕድሉ በ18 ከመቶ ይጨምራል። ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። ቀድሞ በነበረው ዕድል ላይ የሚጨመር ነው።

ጨው ነስንሶ ማድረቅም ማቀነባበር ተብሎ ስለሚቆጠር ቋንጣችን ከትርጉሙ አያመልጥም። ይቅርታ። እኔም ቋንጣ ፍርፍር አልተውኩም፣ በየቀኑ ግን አልበላም።

በአካባቢው በኩል ቁጥሩ ይጠብቃል። ኢት ላንሴት የተባለው የሳይንቲስቶች ኮሚሽን በ2019 ጤናንም የምድርን አቅምም አንድ ላይ አስልቶ ቀይ ሥጋን በቀን 14 ግራም ላይ አስቀመጠው። በሳምንት 100 ግራም ገደማ ነው። 

እንግዲህ ሐኪሙ 500 ቢፈቅድላችሁ ምድር 100 ትላለች። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ኪሎ ብዬ ወሰንኩ። ለምን ሩብ? ሉካንዳ ቤት ፊት ሳያጠቁሩ የሚመዝኑላችሁ ትንሹ ልክ ሩብ ስለሆነ። ሌላ ሳይንስ የለውም። ግን ረጃጅሞቹ ጾሞች ሲቀነሱ በዓመት ሥጋ የምበላባቸው ሳምንታት 32 ገደማ ናቸው። ያ 8 ኪሎ ይሆናል። ለ52ቱ ሳምንት ሲካፈል 150 ግራም ነው። ወደ መቶዋ ሳልሰቃይ ተጠጋሁ።

የሐበሻ በሬ ነው እንዴ ዓለምን የሚያሞቀው?

ብቻውን አይደለም። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ከብት ያመነዥካል። ሣሩ ሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፣ በግሳት ይወጣል። (ብዙ ሰው በሌላው በኩል ይመስለዋል። አብዛኛው በአፍ ነው።) ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይበረታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ስሌት፣ ሰው ከሚያመጣው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ፣ ልቀት ከሚባለው፣ 14.5 ከመቶው ከእንስሳት እርባታ ነው። በ2018 ደግሞ በ119 አገሮች ወደ 38,000 እርሻዎችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር በአማካይ 50 ኪሎ ገደማ ልቀት ይወጣል። ከአተር ያንኑ ፕሮቲን ለማግኘት ግማሽ ኪሎም አይሞላ።

የእኛ በሬ ግን ሥጋ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ አውድማ ላይ ያበራያል፣ ኩበቱ ይነዳል፣ ፍጉ ማሳ ያዳብራል። ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣል፤ ባንክ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ልቀቱ በሥጋው ኪሎ ብቻ ሲሰላ ይከፋል። ሥራው ሁሉ ሲታሰብለት ይቀልለታል። የትኛው ስሌት ትክክል ነው ካላችሁኝ፣ እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ሐሳቡ የፈረንጅ ነው ለሚሉኝ ደግሞ፦ የራሳችን አገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2011 ሲወጣ ከአገሪቱ ልቀት ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ለእንስሳት እርባታው ነው የሰጠው። ካቀረባቸው መፍትሔዎች አንዱም እስከ 2030 ከምንበላው ሥጋ የዶሮውን ድርሻ ወደ 30 ከመቶ ማሳደግ ነው። በአፍሪካ ብዙ ከብት ያለን እኛ ነን፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ።

የሙቀቱ ጦስ መጀመሪያ የሚያርፈው ደግሞ ከብት በሚያረባው ላይ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ሲቀር፣ በቦረናና በሶማሌ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። የዚያ አርብቶ አደር ድርሻ በልቀቱ ውስጥ ከእኔና ከእናንተ ያንሳል።

ሥጋ በተውኩ ቁጥር እወፍራለሁ። ምንድን ነው ነገሩ?

ዘይቱና እንጀራው ነው።

ባለፈው ሁዳዴ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ካለ ምሳ ቤት ተጋቢኖ አዘዝኩ። ሸክላዋ እየተንተከተከች መጣች። ጠርዟን ቀይ ቀለበት ከቦታል። ማንኪያ አስገብቼ ሽሮውን ወደ አንድ ጎን ገፋ ሳደርገው፣ ባዶው ቦታ ላይ ዘይቱ ኩሬ ሠርቶ ተኛ። ለጨዋታ ብዬ በማንኪያ ለካሁት። አራት ሙሉ ማንኪያ ወጣና ገና ታች ነበረው። የአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችኝና "እንዳይደርቅብህ ብለን እኮ ነው" አለች። ሦስተኛ እንጀራ ጨመረችልኝ።

የዘይቱ ዓይነትም ነገር አለው። የረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ደም ሥር የሚያስቸግረው ዓይነት ስብ ነው። በዚህ በኩል ከበሬ ሞራ እምብዛም አይለይም። ዓለም ላይ ካለው ፓልም ከአምስት አራት እጁ የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። እዚያ ብዙ ደን ተመንጥሮለታል። ስለዚህ ጥብስ ትታችሁ በፓልም የዋኘ ሽሮ ብትበሉ ልባችሁም አልተጠቀመ፣ ደኑም አልተረፈ። ሥጋ ቀነስኩ ብሎ የሚኩራራ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው የዘይት ጀሪካኑን ነው።

ቤት ውስጥ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግዙ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግማሹን ብቻ ካፈሰሳችሁ ግን ሒሳቡ ይቀራረባል። ውጪ ስትበሉ "ዘይት አታብዙበት" በሉ። ይሰማሉ፣ አንዳንዴ። አዚፋ፣ ስልጆ፣ ንፍሮ፣ ጥሬ ቃሪያ ያለ ዘይት ጉድ የሚያሰኙ ናቸው፤ ምን ነክቶን እንደረሳናቸው እንጃ።

ጨውንም እዚሁ ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት። የጾም ወጥ ቅቤ ስለሌለው ጣዕሙን በጨው ማካካስ ልማድ ሆኗል። ደም ግፊት ያለባችሁ ተጠንቀቁ።

ፕሮቲኑንስ ከየት አመጣዋለሁ?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ አዋቂ በቀን 48 ግራም ገደማ ይበቃዋል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ይሰጣል። እንጀራው የራሱን ይጨምራል፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ቆሎው አለ። እህልና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እንጀራን በሽሮ ያጋባው ሰው ይህን አላነበበም፣ ግን አልተሳሳተም።

ቢ12 የሚባለውስ?

ይህኛው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በሚበቃ መጠን አይገኝም። ጎመን ውስጥ የለም፣ እንጉዳይም አያድናችሁም። አዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይፈልጋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ሲመጣ ግን በእጅና እግር መደንዘዝ፣ በድካም፣ በመርሳት ነው የሚመጣው።

የምትቀንሱ ከሆነ በፍስኩ ቀን እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ይሸፍኑታል። ሙሉ በሙሉ የምታቆሙ ከሆነ ግን እንክብል ውሰዱ። በዚህ አልደራደርም።

ደም ማነስ አለብኝ። ጤፍ ብረት ስላለው ይበቃኛል?

ጤፍ ብረት አለው። ከፊሉ ግን አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። የራሱም ብረት ፊታት በሚባል ነገር ስለሚያዝ ሰውነት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይወስደውም። ደግነቱ እርሾ ፊታቱን ይቀንሰዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል።

ሁለት ነገር ለውጡ። ከምስሩ ጋር ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ይኑር፦ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ። ሁለተኛው ቡና ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያስቀሩታል። አንድ ሰዓት ይቆይ። ይህን አማቴ ቤት አነሳሁት። ምሳ ተነሥቶ፣ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ቡናው ተቆልቶ ጭሱን እየዞርን አሽትተናል። "እማማ፣ ትንሽ ቢቆይስ?" አልኳቸው። "ቡና ደግሞ ቀጠሮ አለው እንዴ?" አሉኝ። ጠጣሁ። አሁን እዚያ ቤት ምሳ የሚቀርበው ቀደም ብሎ ነው፤ ያም ድል ነው።

በ2016 በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከእነዚህ መሐል ከሆናችሁ ሥጋ ለመቀነስ አትቸኩሉ። ተመርመሩ፣ ታከሙ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ልጆቼንስ ላስቀንሳቸው?

አይሆንም። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 ከመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት በበቂ ሁኔታ የሚመገቡት 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። እዚህ አገር የሕፃን ችግር ሥጋ መብዛት ሆኖ አያውቅም። እንቁላል ስጧቸው፣ ወተት ስጧቸው፣ ሥጋ ካለ ፈጭታችሁ ስጧቸው። እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያንም ሕፃንን፣ ነፍሰ ጡርንና በሽተኛን ጹሙ ብላ አታስገድድም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የአየር ንብረት ዕዳ ካለ ቅዳሜ ኪሎ የሚያስቆርጠው ይክፈለው።

ሪህ አለብኝ። ሥጋም ምስርም ተው ተባልኩ። ምን ልብላ?

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ይኸው ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሊት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አብጦ፣ አንሶላው ሲነካኝ እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ቀን ላይ ቁርጥ በልቻለሁ፣ ዱለት በልቻለሁ፣ ቢራው አራት ነበር። ጠዋት በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ክሊኒክ ሄድኩ። ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድ ደሜ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ ነበር። የሰጡኝ ወረቀት ላይ "ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ እንጉዳይ የተከለከለ" ይላል። እንጀራና ውኃ ቀረኝ ማለት ነው።

ኋላ ላይ ሌላ ሐኪም አረመው። ሪህን የሚያባብሱት ቀይ ሥጋ፣ የሆድ ዕቃ (ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት ማለት ነው)፣ ቢራና ስኳር ያለው ለስላሳ ናቸው። ጥራጥሬ ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጠው ፒውሪን ቢኖርም ብዙ ሰው ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሪህ ሲያመጣ አላገኙትም። ምስር ወጤን መለስኩ። እናንተ ግን ኩላሊታችሁ የተጎዳ ከሆነ መልሱ ሊለይ ስለሚችል ሳትጠይቁ አትከተሉኝ።

ጥሬ ሥጋስ? ከቀነስኩ አይቀር የቱን ላስቀድም?

ቁርጡን። ኮሶ የሚባለው ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው፣ ርዝመቱም ሜትሮች ይደርሳል። ዑደቱ ራሱ የአካባቢ ጉዳይ ነው፦ ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፣ እኛ ከብቱን እንበላለን። ሽንት ቤት ያለበት ሰፈር ኮሶ ይቀንሳል። ሕክምናው ቀላል ነው፣ ከፋርማሲ። የኮሶ አበባ ቀቅላችሁ አትጠጡ፤ መርዝነት አለው፣ ልኩንም ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም።

ሌላው አባ ሰንጋ ነው። የታመመ ከብት ሥጋ ይገድላል። የቄራ ማህተም የሌለበትን ሥጋ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ዶሮ ወይስ ዓሣ?

በልቀት ዶሮ ከበሬ በብዙ ያንሳል። ቅድም ባልኩት የ2018 ጥናት ለተመሳሳይ ፕሮቲን አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ዓሣ ለጤና ጥሩ ነው፤ ግን የሐይቆቻችን ዓሣ ያልቃል፣ የዝዋይ ሐይቅን የድሮ አጥማጆች ጠይቁ። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም።

ሙስሊም ነኝ፤ ከሥጋ የምርቅበት ቀን የለኝም። በየት ልጀምር?

አንድ ሙስሊም ባልደረባዬ ረቡዕና ዓርብን ወሰደ። "ቀናችሁን ተዋስኩ፣ እመልሳለሁ" ይላል። ምክንያቱ ብልጠት ነው፦ በእነዚያ ቀናት የምሳ ቤቱ በያይነቱ ሁሉ የዕለቱ ነው፣ ጎመኑ አዲስ፣ ምስሩ ትኩስ። ማክሰኞ በያይነቱ ያዘዘ ሰው የሚያገኘው የሰነበተ ሊሆን ይችላል።

ሽምብራ ስቀቅል ከሰሉን ጨረስኩት። ይህስ አካባቢ አይጎዳም?

ይጎዳል እንጂ። ከሰል ዛፍ ነው። ሥጋ ትቶ ሁለት ሰዓት በከሰል ባቄላ መቀቀል የግማሽ መንገድ ሥራ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ ከዚያ ክዳኑ በሚቆለፈው የእንፋሎት ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ አብስሉት። ከመብራታችን ከ90 ከመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ምድጃው ከከሰሉ በብዙ ይጸዳል። መብራት ካለ ነው እንግዲህ። መዘፍዘፉ ሆድ መነፋቱንም ይቀንስላችኋል። ከሰል ካነደዳችሁ በር ክፈቱ።

አትክልቱ ከወንዝ ዳር ነው ይባላል። ጎመን መብላት ያሰጋል?

የማልወደው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ "አዎ፣ በከፊል" ነው። የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የቤቱንም የፋብሪካውንም፣ ይዘው ይወርዳሉ። በዚያ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ቅጠሉ ውስጥ አግኝተዋል። ማጠብ አሜባንና ታይፎይድን ይከላከላል፤ ሥሩ የመጠጠውን ከባድ ብረት ግን አያወጣም።

"ከቅርብ የመጣ ምግብ ለአካባቢ ይሻላል" የሚለው የፈረንጅ ምክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። የሚለማበትን ውኃ ሳታውቁ ቅርበቱ ምን ያደርጋል? እኔ ቅጠል የምገዛው ከየት እንደመጣ ከምትነግረኝ አንዲት ጉልት ነጋዴ ነው። አትክልት ተራ በ2020 ከፒያሳ ተነሥቶ ጃን ሜዳ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ ለእኛ ለመሐል ከተማዎቹ ራቀ፣ ጉልቷ ግን ሰፈር ውስጥ ነች። በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ከዱባ፣ ከካሮትና ከቲማቲም ጋር አፈራርቃለሁ። እንደ ዱባና ቲማቲም ያለ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ከቅጠል ያነሰ ከባድ ብረት ይይዛል።

ሽሮው ራሱ ንጹሕ ነው?

ከምታውቁት ሰው ግዙ፣ ወይም አስፈጩ። ዋጋው በጣም የረከሰ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰሃን ምንም አያደርግም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል።

ሰው ቤት ስጋበዝስ?

ብሉ። ጉርሻ አይመለስም። እኔ ቀድሜ ደውዬ "ሆዴን አሞኛል" የሚል ውሸት ሞክሬ ነበር፣ ቅቅል ተሠርቶ ጠበቀኝ።

ዓመት በዓል ላይ ምን ታደርጋለህ?

ቅርጫ እገባለሁ። ድሮ አንድ መደብ ለብቻዬ ነበር፤ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ሰንብቶ፣ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቶ ይጣል ነበር። አሁን አንዷን መደብ ከወንድሜና ከጎረቤቴ ጋር ለሦስት እንካፈላለን። ቅርጫ በአካባቢ ዓይን ሲታይ የሚመሰገን ነገር ነው፦ ከበሬው የሚጣል የለም። ምላስ ሰንበሩ፣ ሽንፍላው፣ ቅልጥሙ፣ ራሱ፣ ሁሉም ባለቤት አለው።

ቆዳው ነው ያሳዘነኝ። ልጅ ሆነን የበዓል ማግስት "ቆዳ ያለው!" የሚል ጩኸት ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሰን ነበር። እማዬ የበጉን ቆዳ ጨው ነስንሳ ጠቅልላ ትጠብቀው ነበር፣ ተከራክራም ትሸጠዋለች። ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቴ የበጉን ቆዳ እስከ ማታ በሩ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። የጠራ የለም። በማግስቱ ወደ ቢሮ ስሄድ፣ መንገዱ ጥግ ያለው የቆሻሻ ገንዳ አፉ ድረስ በቆዳ ተሞልቶ አየሁት። አንዱ ላይ ጨው ተነስንሶበት ነበር።